ብርሃን ሲነካው ዝም የሚል ሕዋስ እንዴት ያያል?

የታቦር መምህር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለዚህ መድረክ ታዳሚዎች። በሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓርብ ስለ ዓይን ሳስተምር እንደ ወትሮዬ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ሥዬ፣ ብርሃን በብሌን በኩል ገብቶ፣ በሌንስ ተሰብስቦ ረቲና በሚባለው የዓይን የኋላ ስስ ሽፋን ላይ እንደሚያርፍ፣ በዚያ ያሉት ሮድና ኮን የሚባሉት ሕዋሳት በብርሃኑ እንደሚነቃቁ፣ መልእክቱም በዓይን ነርቭ ወደ አንጎል እንደሚሄድ ተናግሬ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እኔ ያነበብኩት ግን ሕዋሳቱ ብርሃን ሲያገኙ ይነቃቃሉ ሳይሆን ጸጥ ይላሉ ይላል፤ የቱ ነው ልክ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በሰዓቱ «አጣርቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። ቤቴ ገብቼ ሳገላብጥ ልክ የነበረችው እሷ ሆና አገኘኋት። ሮድ በጨለማ ሳለ ውስጡ ከውጩ ሲነጻጸር −40 ሚሊቮልት ገደማ እንደሚሆንና ብርሃን ሲያርፍበት ወደ −70 እንደሚወርድ አንብቤ ተረዳሁ። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሕዋሱ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ንግግሩን የሚቀንስ ከሆነ፣ ዝምታ እንዴት ወሬ ይሆናል? ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የማያሳፍር መልስ ይዤ ዓርብ ክፍል መግባት እፈልጋለሁና የምታውቁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነጭ ጋውን — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

መምህር፣ ተማሪዎ የያዘችው ነገር ብዙ የጤና ተማሪዎችም በፈተና ዋዜማ የሚሰናከሉበት ነው። በዓይን ሕክምና ዘርፍ ስለምሠራ የማውቀውን ልጻፍልዎ፤ ረዘም ቢል ይታገሡኝ።

ጨለማ ውስጥ ያለ ሮድ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሕዋስ አይደለም። በላይኛው ክፍሉ ላይ ሶዲየምና ካልሲየም የሚገቡባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ፤ እነዚህን በሮች ከፍቶ የሚይዘው ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል ሞለኪውል ነው። በሮቹ ክፍት በመሆናቸው ሕዋሱ ሌሊቱን ሙሉ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያስተናግድ፣ ከግርጌውም ግሉታሜት የሚባለውን የነርቭ ኬሚካል ያለማቋረጥ ሲያፈስ ያድራል። የገባውን ሶዲየም መልሶ ለማውጣት ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ሮዶቻችን ከብርሃን ይልቅ በጨለማ የበለጠ ኃይል ይፈጃሉ። «ዓይኔን ላሳርፈው» ብለን መብራት ስናጠፋ እነሱ ሥራ እየጀመሩ ነው ማለት ነው።

አሁን አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም አንድ ፎቶን፣ መጣ እንበል። በሮዱ ውስጥ ሮዶፕሲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ በፕሮቲኑ እቅፍ ውስጥ ደግሞ ከቪታሚን ኤ የሚሠራ ሬቲናል የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ጎብጦ ተቀምጧል። ፎቶኑ የሚሠራው ነገር ይህን ጎባጣ ማቅናት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ኬሚስትሪ ነው፤ ብርሃን የለበትም። ሬቲናሉ ሲቀና ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፣ ቅርጹ የተለወጠው ፕሮቲን ትራንስዱሲን የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖችን አንድ በአንድ ያስነሳል፣ እነሱ ደግሞ ሳይክሊክ ጂኤምፒን የሚሰብር ኢንዛይም ይቀሰቅሳሉ። በሮቹን ከፍቶ የያዘው ሲሰበር በሮቹ ይዘጋሉ፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የግሉታሜቱም ፍሰት ይቀንሳል። ጸጥታው ይህ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው የሞተሩን ድምፅ ከለመደው ወዲያ አይሰማውም፤ ሞተሩ ቀጥ ሲል ግን ቀና ብሎ «ምን ሆነ?» ይላል። የሮድ ዝምታ ወሬ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ የሚያዳምጥ ጎረቤት አለና። ጎረቤቶቹ ባይፖላር የሚባሉት ሕዋሳት ሲሆኑ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛውን ዓይነት ግሉታሜት ያፍነዋል፤ ስለዚህ ግሉታሜቱ ሲቀንስ እፎይ ብሎ ይነሣና «ብርሃን ጨመረ» ብሎ ያስተላልፋል። ሁለተኛውን ዓይነት ግሉታሜት ይቀሰቅሰዋል፤ ስለዚህ እሱ የሚነሣው ብርሃን ሲቀንስና ግሉታሜቱ ሲበዛ ነው። ኬሚካሉ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን የሚያመጣው የተቀባዩ መቀበያ ነው። ኮኖች ከሁለቱም ዓይነት ጋር በቀጥታ የተያያዙ ሲሆን፣ ሮዶች በዋናነት የሚያወሩት ከመጀመሪያው ዓይነት ጋር ነው።

ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። ወፍጮ ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል፤ ሮድና ኮን ግን እንደ ብርሃኑ መጠን ድምፃቸውን ቀስ በቀስ ዝቅና ከፍ የሚያደርጉ ናቸው። ቶክ ቶክ እያለ የሚሄደው የነርቭ ምት በዋናነት የሚጀምረው በሦስተኛው እርከን፣ ጋንግሊየን በሚባሉት ሕዋሳት ነው። ይህን ካልነገሯት ያቺ ልጅ ትይዝዎታለች።

ተጠራጣሪ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ማብራሪያው ግሩም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኛል። ብርሃን ሲመጣ በቀጥታ መናገር እየተቻለ ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን አስፈለገ? በዚያ ላይ ሮድና ኮኖቹ ያሉት በረቲናው የኋለኛ ገጽ ላይ በመሆኑ፣ ብርሃኑ እነሱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነርቮቹንና ሌሎቹን ሕዋሳት አቋርጦ ማለፍ አለበት ይባላል። መጋረጃውን ከመስኮቱ ውጭ እንደ መስቀል አይሆንም?

ነጭ ጋውን — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡55

የመጀመሪያው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የዝንብን ዓይን ብናይ እርስዎ እንዳሉት ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃቃ ሕዋስ እናገኛለን። ስለዚህ የእኛ መንገድ ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ አከርካሪ ያላቸው እንስሳት የያዙት የዘር መንገድ ነው። ነገር ግን ዙሪያ ጥምጥሙ በከንቱ አልቀረም። ከአንድ ሮዶፕሲን የተነሣው ነገር በየደረጃው እየተባዛ ስለሚሄድ አንድ ፎቶን ብቻ የሮዱን ቮልቴጅ በአንድ ሚሊቮልት ገደማ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ቤይለር፣ ላምብና ያው የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 የጉርጥን ሮድ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ጫፍ ስበው ይዘው የአንድ ፎቶንን ምላሽ ለብቻው ለክተዋል። ከዚያም አስቀድሞ በ1942 ሄክት፣ ሽሌርና ፒረን የተባሉ ሰዎች በጨለማ የቆየ ሰው «አየሁ» ለማለት ከ5 እስከ 14 የሚደርሱ ፎቶኖች በሮዶቹ ቢዋጡ እንደሚበቃው አሳይተዋል። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

መጋረጃው ያሉት ደግሞ መጋረጃ ሳይሆን እንደ ብርጭቆ የጠራ ነገር ነው፤ የረቲና ውፍረት ራሱ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። ሮድና ኮኖቹ ወደ ኋላ የዞሩበት ጥቅምም አለው፤ ከኋላቸው ያለው ጥቁር ሽፋን የቀናውን ሬቲናል ተቀብሎ መልሶ ያጎብጥላቸዋል፣ በየቀኑ የሚያረጀውንም ጫፋቸውን እየዋጠ ያስወግድላቸዋል። የአንድ ሮድ ላይኛ ክፍል በ10 ቀን ገደማ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ጥሩ የማየት ኃይል በሚያስፈልግበት በመካከለኛው ጉድጓድ ላይ ደግሞ ነርቮቹ ወደ ዳር ገለል ብለውለታል።

ሐይቅ ዳር — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም፤ አሞራ ገደል ዓሣ እየበለትኩ ነው ያደግኩት። ይህን ውይይት ማታ አንብቤ ስላደርኩ ዛሬ ጠዋት ከጣልኩት የቆሮሶ ጭንቅላት አንዱን ዓይን አውጥቼ በስለት ለሁለት ከፈልኩት። ሌንሱ እንደ ዶቃ ድቡልቡልና ጠንካራ ነው፤ መሬት ላይ ቢጥሉት ይንከባለላል። ከኋላ ግድግዳው ጥቁር ነው። ጥቁሩ ላይ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ውስጠኛ ልጣጭ የሳሳ፣ ግራጫ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። በጣቴ ውኃ ጠብ ሳደርግበት እየተላቀቀ ይንሳፈፋል፤ ዙሪያውን ሁሉ ለቅቆ ሲያበቃ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተሰፍቶ እንደ ቀረ ጨርቅ አልነቀልም አለ። ይህ ነው ረቲና የሚባለው? የተያዘበትስ ምንድን ነው?

ነጭ ጋውን — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እህቴ፣ ከብዙ የቤተ ሙከራ ዘገባ የተሻለ አድርገው ነው የጻፉት። አዎ፣ ረቲና ነው፤ የተያዘበት ደግሞ የዓይን ነርቭ የሚወጣበት ቦታ ነው። በሰው ዓይን ውስጥ ከ90 እስከ 120 ሚሊዮን የሚደርሱ ሮዶችና 6 ሚሊዮን ገደማ ኮኖች ሲኖሩ፣ በዚያች ቀዳዳ የሚወጡት የነርቭ ክሮች ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ክሮቹ ለመውጣት ቦታ ስለሚፈልጉ በዚያች ነጥብ ላይ ሮድም ኮንም የለም። ስለዚህ ሁላችንም በእያንዳንዱ ዓይናችን አንድ አንድ ቦታ ዕውር ነን።

ዓሣን ካነሡ ዘንድ ለመምህር የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ብርሃን ኮኖችን ጸጥ እንደሚያደርግ ከሕዋሱ ውስጥ በቀጥታ ለክተው ካሳዩት ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው ቶሚታ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1965፣ እንስሳው ደግሞ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ነበር። የዓሣ ኮን ከሰው ኮን ስለሚወፍር መርፌ ለማስገባት ይመቻል፤ እንደዚያም ሆኖ ረቲናውን በድንገት ወደ መርፌው የሚያነጥር መሣሪያ መሥራት አስፈልጎታል።

የማታ ባጃጅ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

እኔ ከመናኸሪያ ወደ አላሙራ ማታ ማታ ባጃጅ እነዳለሁ። መብራት የጠፋ ቀን ከፊቴ የሚመጣ መኪና ረጅሙን መብራት ለቆብኝ ካለፈ በኋላ ለጥቂት ጊዜ መንገዱ ፈጽሞ ይጠፋኛል። ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ ምንም አይታየኝም፤ ቆይቶ ግን ወንበሩም በሩም እየተገለጠ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው?

ነጭ ጋውን — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

በመሠረቱ አንድ ናቸው ወንድሜ። ኃይለኛ ብርሃን ብዙ ሬቲናል በአንድ ጊዜ ያቀናል፤ የቀናው እንደገና እስኪጎብጥ ድረስ ያ ሮዶፕሲን ሌላ ፎቶን መቀበል አይችልም። ኮኖች በ10 ደቂቃ ገደማ ያገግማሉ፤ ሮዶች ግን ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። ቤትዎ ውስጥ ወንበሩና በሩ ቀስ እያሉ የሚገለጡት ለዚህ ነው፤ ቀለማቸው ግን አብሯቸው አይመጣም፤ ሮድ አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ቀለም መለየት አይችልም። ለመንገዱ የምመክረው፣ መብራቱ ሲመጣብዎ ፍጥነትዎን ቀንሰው ዓይንዎን ወደ ቀኝ የመንገዱ ጠርዝ እንዲያወርዱ ነው።

የአላሙራዋ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን እያነበብኩ የልጅነቴን አስታወሳችሁኝ። ገጠር ሳለን ታናሽ ወንድሜ ዳፍንት ይዞት ነበር። ቀን ከእኛ እኩል ሲሮጥ ይውልና ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳበሰ ይገባል፤ የተዘረጋ እግር ሁሉ ይጥለዋል። ሰነፍ እየተባለ ተገርፏል፤ እኔም ስቄበታለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አያታችን ግን ነገሩን ስታውቅ በግ በታረደ ቁጥር ጉበቱን ጠብሳ ለእሱ ብቻ ትሰጠው ጀመር፤ እየዋለ እያደረ ለቀቀው። ጉበቱ ነው ወይስ ዕድሜው?

ነጭ ጋውን — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

እናቴ፣ ጉበቱ ነው ለማለት በቂ ምክንያት አለ። ያ ጎብጦ የሚቀመጠው ሬቲናል የሚሠራው ከቪታሚን ኤ ነው፤ ሰውነታችን ቪታሚን ኤን የሚያከማቸው ደግሞ ጉበት ውስጥ ነው። ጆርጅ ዋልድ የተባለው ሳይንቲስት ቪታሚኑ ረቲና ውስጥ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1933 አገኘ፤ በ1967 ከግራኒትና ከሃርትላይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። አያትዎ መድኃኒቱን ያለ ሞለኪውሉ ስም ያውቁት ነበር። ቪታሚኑ ሲያንስ ቀድመው የሚጎዱት ሮዶች ስለሆኑ ልጁ ቀን እያየ ማታ ይደናበራል፤ ጉዳቱ ከቀጠለ የዓይኑ የፊት ጥርት ያለ ሽፋን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ልጁም እስከ መታወር ሊደርስ ይችላል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠው ጠብታ ለዚህ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጉበት ማብዛት የለባትም፤ ቪታሚን ኤ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል።

የታቦር መምህር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ልጅቷን በበረንዳ አግኝቻት የወፍጮውን ምሳሌ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ «እንግዲያውስ ሕዋሳቱ በጣም የሚናገሩት በጨለማ ከሆነ፣ በጨለማ ለምን ጥቁር እናያለን? ደማቅ ነገር ማየት አልነበረብንም?» አለችኝ። ሌላ ሌሊት ልታሳድረኝ ነው።

ነጭ ጋውን — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይህች ልጅ ወደኛ ሙያ ትምጣ።

መልሱ እንዲህ ነው። አንጎል ሮድንና ኮንን በቀጥታ አይሰማም፤ የሚሰማው ጋንግሊየኖችን ነው። እነሱም እንደ ባይፖላሮቹ ሁለት ወገን ናቸው፤ የአንደኛው ወገን መስመር ሲንጫጫ አንጎል «ደመቀ» ብሎ ይረዳል፣ የሁለተኛው ሲንጫጫ «ጠቆረ» ብሎ ይረዳል። ቁም ነገሩ የሚናገረው ማን ነው የሚለው እንጂ ምን ያህል ጮኸ የሚለው ብቻ አይደለም። ስለዚህ ጥቁር ማለት የመልእክት አለመኖር ሳይሆን ራሱን የቻለ መልእክት ነው።

እናታችን ያነሡት ዳፍንት ለዚህ ማስረጃ ይሆነናል። ሲወለዱ ጀምሮ በጨለማ የማያዩ ሰዎች አሉ፤ ሮዳቸው ጤነኛ ነው፣ ሮዶፕሲናቸውም የተሟላ ነው፣ ጉበት ቢበሉም አይለቃቸውም። በአንዳንዶቹ ላይ የተበላሸው በመጀመሪያው ዓይነት ባይፖላር ላይ ያለው የግሉታሜት መቀበያ ነው። ሮዱ በብርሃን ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውን የሚሰማው ጎረቤት ግን ደንቁሯል። በወፍጮው ምሳሌ፣ የልጁ ዳፍንት ሞተሩን የሚያስቆመው እጅ ሲጠፋ ነው፤ የእነዚህ ደግሞ ሞተሩ ቆሞ «ምን ሆነ?» የሚል ሰው ሲጠፋ።

ሌላም አለ። አብዛኛው ጋንግሊየን የሚጠይቀው «እዚህ ምን ያህል ብርሃን አለ?» ብሎ ሳይሆን «እዚህ ያለው ከዙሪያው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ነው። ከፍለር የተባለው ተመራማሪ ይህን በድመት ረቲና ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 አሳይቷል፤ ትንሽ ብርሃን በመሐሉ ላይ ሲያርፍ «ደመቀ» የሚለው ወገን ሕዋስ ይንጫጫል፣ ዙሪያው ላይ ሲያርፍ ይታፈናል፣ ሁለቱንም እኩል ሲሸፍን ብዙም ግድ አይሰጠውም። ለክፍልዎ የሚመች ምሳሌ ልስጥዎ። ጥቁር ሰሌዳውን አውጥተው የቀትር ፀሐይ ላይ ቢያቆሙት፣ ክፍል ውስጥ ካለው ነጭ ጠመኔ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ወደ ዓይን ይልካል። ሰሌዳው ግን ውጭም ጥቁር ነው፣ ጠመኔውም ውስጥ ነጭ ነው፤ ረቲና የሚልከው ልዩነቱን ነውና። ከመቶ ሚሊዮን ወደ አንድ ሚሊዮን ክር መውረድ የተቻለውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ አንድ ዓይነት ነጭ ከሆነ የሚወራው ስለ ጠርዙ ነው።

ተጠራጣሪ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

የሰሌዳዋን ነገር አሁኑኑ በመጽሔትና በባትሪ ሞከርኳት። ተረትቻለሁ።

የታቦር መምህር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔም በቃኝ፣ ገባኝ። ለዓርብ ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩት ሙከራ አለ? አንዱ ፀሐይን ለአፍታ አይተን ዓይናችን ላይ የሚቀረውን ምስል እንሣለው እያለ ነው።

ነጭ ጋውን — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ፀሐይን እንዳያዩ! ረቲና የሕመም ስሜት የለውም፤ ሲቃጠል አይነግርም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ፣ እኛ ዘንድ በከፊል የታየውን የፀሐይ ግርዶሽ በራጅ ፊልም አየሁ ያለ ወጣት ከቀናት በኋላ መጥቶ ነበር። «ሰው ሳይ ፊቱ መሐል ላይ ጭስ አለ» ነበር ያለኝ።

በምትኩ የተቆላ ቡና ይውሰዱ፤ ሲዳማ ላይ ቡና አይጠፋም። ሁለት ፍሬ በነጭ ወረቀት ላይ በ8 ሴንቲሜትር ርቀት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ግራ ዓይንን ሸፍኖ፣ በቀኝ ዓይን የግራውን ፍሬ ብቻ ትክ ብሎ እያዩ፣ ፊትን ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ነው። የቀኙ ፍሬ ይጠፋል፤ እህታችን በቆሮሶው ዓይን ላይ ተሰፍቶ ያየችው ቦታ ላይ አርፏልና።

የታቦር መምህር — ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡40

አሁን ከክፍል መውጣቴ ነው። ሁለት ተማሪዎች ብቻ «አልጠፋልንም» አሉ። አንደኛው የሸፈነው ቀኝ ዓይኑን ነበር፤ ሁለተኛው «መጥፋት ሲጀምር ወዴት እንደሚሄድ ልይ ብዬ ዞር አልኩ» አለ።

ያቺ ልጅ ግን ነጭ ወረቀቱን ትታ ፍሬዎቹን የደብተሯ መስመር ላይ አድርጋቸው ነበር። ፍሬው ሲጠፋ በቦታው ቀዳዳ ሳይሆን ያልተቋረጠ መስመር አየች፤ «መስመሩ እኮ ከፍሬው ሥር ተሸፍኗል፤ ማን አሰመረልኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ቦታ ሮድም ኮንም ስለሌለ ረቲናዋ እንዳልሆነ ነገርኳት፤ የቀረውን የአንጎል ምዕራፍ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን ብዬ ቡናውን አስሰበሰብኩ።